ለብቻ የሚበወዝ ካርታ

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሚጢዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኔና ልጄ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የጎደለን አንቺን ማየት ብቻ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይኝ። ስልኩ የሚቀመጠው ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር ነው። አንድ ነገር ባወራሽ የሚስተካከለውም ተራ የሚጠብቀውም እኩል ይሰማል፤ አልፎም አስተያየት ይሰጣል። ስለዚህ በወረቀት ይሻለኛል።

አዲስ ነገር ቢኖር መቀሱን ለእህትሽ አስረክቤያለሁ። ልጄ ስለሆነች አላዳላም፤ አሳምራ ትሠራለች። እኔም በቃ ልረፍ ብዬ ነው። ሰዉ ሁሉ «አበጀህ፣ ዕረፍትማ ይገባሃል» አለኝ፤ አመሰገንኩ። አሁን የምውለው ከኋላ ባለችው፣ ፎጣና ሳሙና በምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ነው። ከሱቁ የሚለየኝ መጋረጃ ብቻ ነው። የደንበኞቼን ድምፅ አንድ በአንድ እለያለሁ። ቀልድ ሲያበላሹ እሰማለሁ፤ ወጥቼ ግን አላቃናላቸውም። ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ቦታ ላይ ሲገተር ለሚያየውም አይመችም።

ሚጢዬ፣ ይህን መጠየቄ ራሱ ያሳፍረኛል። እዚያ በሰው አገር ያሉ ጡረተኞች ቀኑን በምን ይገፉታል? ጋዜጣውን እስከ ማስታወቂያው ጨረስኩት። ሬዲዮ ልክፈት ስል እህትሽ «አባዬ፣ ደንበኛው የምለውን አልሰማኝም» ትላለች። ፎጣ ማጠፍ ጀመርኩ፤ ሲያልቅ የታጠፈውን ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት። የምታውቂው ነገር ካለ ጻፊልኝ። ገንዘብ አትላኪ፤ የቸገረኝ እሱ አይደለም።

ጽሑፌ ከተዝረከረከብሽ ብዕሩ ነው። ቀለሙ ይቆራረጣል።

በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ።
አጎትሽ


ኅዳር 11 ቀን

ለማከብርዎት አጎቴ፣ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ነው። ምድር ቤት ስለሆነ መስኮት የለውም፤ ግን ይሞቃል። አንሶላው ታጥቦ ሲወጣ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ወደ መተኮሻ ማሽኑ ያስገባዋል። የእኔን አንሶላ ሌላኛውን ጫፍ የምትይዘው አንዲት አሮጊት ናት። በቋንቋ አንግባባም፤ ብንግባባም ብዙ የምታወራ አይመስለኝም። በልቤ እትዬ ዝምታ እላታለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ተጫዋቾች ናቸው፤ ምሳ ሰዓት አብረን ስንስቅ ያልቃል። ሲደክመኝ ብቻ ከእሷ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ለጥያቄዎ መልሱን ያገኘሁት ከእሷ ነው። ምሳዋን በልታ ስትጨርስ ካርታ ትደረድራለች። ጋሼ፣ ካርታ ስል እንዳይደነግጡ፤ ቁማር አይደለም። ለብቻ የሚጫወቱት ነው። ለብቻ ከሚጫወቱት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ይህኛውን ግን ጠይቄ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አኮርዲዮን ትለዋለች፤ መስመሩ እንደ አኮርዲዮን ስለሚዘረጋና ስለሚሰበሰብ ነው መሰለኝ። በጣቷ እያሳየች አስተማረችኝ።

እንዲህ ነው። ካርታውን በውዘው ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ መስመር አንድ አንድ እያሉ ይደረድራሉ። አንዱ ካርታ ወዲያው በግራው ካለው ጋር በቁጥር ወይም በመልክ ከተመሳሰለ አንሥተው ላዩ ላይ ይጭኑታል። መልክ የምለው ልቡን፣ አበባውን፣ ዳይመንዱንና ጥቁሩን ልብ ነው። በግራው ካለው ጋር ካልገጠመ መሃል ላይ ሁለት ካርታ ይዘልሉና ሦስተኛውን ያያሉ፤ ከእሱ ጋር ከተመሳሰለም ይጫናል። ከዚያ የተከፈተውን ቦታ ያጠጋጉታል። ሲጠጋጋ ደግሞ ተራርቀው የነበሩ ተመሳሳዮች ይገናኛሉ፤ ደስ የሚለው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ካርታው በሙሉ አንድ ክምር ከሆነ አሸነፉ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ካርታውንም ብዕርም አብሬ ልኬያለሁ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።
ልጅዎ ሚጢ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ይድረስ ለሚጢዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ምስጋና ለእሱ ይሁን።

ፖስታሽን የተቀበለችው እህትሽ ናት። «ምን ላከችልህ?» ስትለኝ «የጉልበት ቅባት» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ እኔም እያሻሸሁ «ተሽሎታል» እላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ልጄን እዋሻለሁ። ግን ምን ልበላት? ካርታ የያዘ ሰው ከደጄ እንዳይደርስ ሳባርር የኖርኩ ሰው ነኝ። እሷ ራሷ ስንቱን ሳስወጣ አይታለች። አሁን ዓይኔን በጨው አጥቤ ከመጋረጃ ጀርባ እደረድራለሁ፤ የእግሯን ኮቴ ስሰማ ፎጣ ጣል አደርግበትና እስላለሁ። «ጉንፋንም ያዘህ እንዴ?» ትላለች።

መጀመሪያ ላይ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በየጊዜው አሸንፋለሁ፣ ሁሉም አንድ ክምር ይሆንልኛል። እንዲያውም አሮጊቷ ምን እንዳስቸገራት ገርሞኝ ነበር። ኋላ ደብዳቤሽን እንደገና ሳነበው ለካ የሚመሳሰለውን ካርታ የትም ይቀመጥ የት እያነሣሁ ስጭን ከርሜያለሁ። የሚያየኝ ሰው ሳይኖር ኩምሽሽ አልኩ። በደንቡ ስጀምር መስመሩ ከጠረጴዛው አልፎ ሳሙናው ካርቶን ላይ ደረሰ። እስካሁን የተሻለው አምስት ክምር ነው።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። በግራውም በሦስተኛውም መጫን ሲቻል የቱን ልምረጥ? ደግሞስ መጫን እየተቻለ ቢያቆዩት ማጭበርበር ነው?

ካርታው ግን በጣም ያንሸራትታል። ሳላስበው ይበተንና ጎንበስ ብዬ ስለቅም ጊዜዬ ያልቃል። ወፈር ያለ፣ እጅ ላይ የሚቆይ ዓይነት ካለ ላኪልኝ። ለእህትሽ በስልክ ትንፍሽ እንዳትይ፤ አደራ።

ክፉ አይንካሽ።
አጎትሽ


ጥር 15 ቀን

ለማከብርዎት ጋሼ፣

እንደምን አሉልኝ? የሳሙናውን ካርቶን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሁለት ምርጫ ሲኖር የተጫዋቹ ፈንታ ነው። እትዬ ዝምታ እንዲህ ሲገጥማት ጣቷን አየር ላይ ታቆምና ወደ ቀኝ ያለውን ሁሉ ታያለች፤ የትኛው ሌላውን እንደሚያገናኝላት ታሰላለች። ማቆየትም ማጭበርበር አይደለም። ቸኩሎ የጫነ ሰው ኋላ ይቆጨዋል።

እሷ አሁን ጡረታ ወጥታለች። በመጨረሻ ቀኗ አጠገቧ ቆሜ ስትጫወት አየሁ፤ ሁለት ክምር ቀረባት። ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ካርታውን ለእኔ ሰጠችኝና ካፖርቷን ለብሳ ሄደች። በእሷ ቦታ አንዲት ወጣት ተተክታለች። ደህና ናት። ደህና ነን።

ወፍራም ካርታ አግኝቼ ልኬያለሁ፤ ላዩ ሻከር ያለ ነው። ጋሼ፣ ጤናዎ ግን ደህና ነው? አዲሱ ብዕር ቀለሙ አይቆራረጥም፤ ፊደሎቹ ግን አሁንም ከመስመር ይወጣሉ። የክፍሏ ብርሃን አንሶ ይሆናል።

ሰላምዎን ያብዛልኝ።
ልጅዎ ሚጢ


መጋቢት 28 ቀን

ለአጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ካርታው ይድረስ አይድረስ ሳይነግሩኝ ይህን ያህል ጊዜ አለፈ። ታምመው እንዳይሆን ፈርቼ ለእህቴ ደወልኩ።

ሱቅ ውስጥ ስለነበረች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ። አንድ ደንበኛ ፎጣ ላንሣ ብሎ መጋረጃውን ሲገልጥ ካርታ ይዘው እንዳገኘዎት፣ ሲያዩትም ሰብስበው ጉያዎ እንደከተቱት አወራችልኝ። ወሬው ወንድምዎ፣ ትልቁ አጎቴ ዘንድ ደርሶ፣ ከደንበኛዎ ከመምህሩ ጋር መጥተው መክረውዎት፣ ቁማር መጫወትዎን በአፍዎ አመኑ አለችኝ። «አባዬ ነው ሚጢ፣ የእኔ አባት» ብላ አለቀሰች።

ካርታውን የላክሁት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። «አይዞሽ» ብቻ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ዝምታዬን ሳስበው ሽምቅቅ እላለሁ።

ጋሼ፣ ላሳዝንዎት አልፈልግም፤ ግን ልጠይቅዎት ግድ ነው። የላክሁልዎት ጨዋታ ለአንድ ሰው ነበር። ከማን ጋር ተጫወቱት? እጅዎን ይዤ ወደዚህ ነገር ያስገባሁዎት እኔ ከሆንኩ እውነቱን ይጻፉልኝ።

ሚጢ


ሚያዝያ 30 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬን ተቀበይኝ። መልስ ያዘገየሁት አንቺን ንቄ አይደለም። ወረቀቱን አወጣለሁ፣ መልሼ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

ከማንም ጋር አልተጫወትኩም። የሆነውን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂኝ።

እሁድ ከሰዓት ሱቁ ዝግ ነበር። ወንድሜ መጣ፤ መምህሩም አብሮት ነበር። ታውቂዋለሽ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ከእኔ ሌላ ፀጉሩን ያላስነካው ሰው ነው። እህትሽ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ማጠቢያው አጠገብ ቆመች። እኔን የደንበኛ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ዕድሜ ልኬን ከዚያ ወንበር ጀርባ ስቆም እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም ነበር። ፊት ለፊት መስታወት ነው፤ የት ልይ?

«ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» አለኝ ወንድሜ።

«ከማንም ጋር።»

«ካርታ ከማንም ጋር ተብሎ አይጫወቱትም።»

«ይሄኛው ለብቻ ነው።»

ወንድሜ ወደ መምህሩ ዞረ። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠራረገው። «እንዲህ ያለ ጨዋታ መኖሩን ሰምቻለሁ» አለ፤ ሊያግዘኝ ፈልጎ ነው። «እስቲ በውዝና ደርድርልን። አይተን እንሂድ፣ ነገሩም በዚህ ይለቅ።»

እህትሽ ካርታውን ከፎጣ ሥር አውጥታ መስታወቱ ሥር፣ ፊቴ አስቀመጠችው።

ሚጢዬ፣ ብዕርሽ ጥሩ ብዕር ነው። ካርታውም አያንሸራትትም። የክፍሏም ብርሃን ደህና ነው። እጄ ነው። ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሥራ የተውኩት ልረፍ ብዬ አይደለም። አንድ አዲስ ደንበኛ መጥቶ ጢሜን ላጨኝ አለኝ፤ ምላጩን አንገቱ ላይ ሳሳርፍ እጄ ዘለለብኝ። ደሙ ነጩን ጨርቅ አበላሸው። ሰውዬው «ግድ የለም፣ ትንሽ ናት» እያለ ከፍሎ ወጣ። ሲወጣ አንገቱን በመሃረብ ይዞ ነበር። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሁሉ ወለሉን ያያሉ። በማግስቱ ለእህትሽ ደክሞኛል አልኳት። ሐኪሙ ዕድሜ ነው፣ መድኃኒቱ ትንሽ ያግዛል፣ አይድንም ብሎኛል። ሐኪም ቤት መሄዴንም የሚያውቅ የለም።

እና ካርታው ፊቴ ነው። ብነካው ይበተናል። ከተበተነ ልጄ ታያለች፣ ወንድሜ ያያል፣ መምህሩ ያያል። ሁለቱንም እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው። «ለምን ታደክሙኛላችሁ፣ ቁማር ነው» አልኩ። «ተጫውቻለሁ። ከእንግዲህ አልጫወትም።»

ወንድሜ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማመኔ ትልቅ ነገር ነው ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። መምህሩ ቀና ብሎ አላየኝም። እህትሽ ካርታውን አንሥታ የተጠረገው ፀጉር ውስጥ ጣለችው።

ምን ነካህ ትይኝ ይሆናል። ቁማር ሰው የሚተወው ነገር ነው። ትቻለሁ ስትይ ያመሰግኑሻል። እጄን ግን ትቻለሁ ልል አልችልም። በዚያች ቅጽበት የታየኝ እሱ ብቻ ነበር። አሁን ልጄ ሳንቲም እንኳ ከእኔ አርቃ ታስቀምጣለች፤ መሳቢያውን ስትቆልፍ ቁልፉ እንዳይሰማኝ በቀስታ ነው የምታዞረው። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ የምለው ያኔ ነው።

ይህን ለማንም አትንገሪ። ሲከፋኝ ለአንቺ ብቻ ነው የምጽፈው።

አጎትሽ


ግንቦት 25 ቀን

ለምወድዎት ጋሼ፣

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ይህን እየጻፍኩ ነው። በቁማር ስለጠረጠርኩዎት ይቅር ይበሉኝ።

ለእህቴ ደውዬ ካርታውን የላክሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ጨዋታውም ለብቻ እንደሆነ ነግሬያታለሁ። ያን እስክል ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። «ታዲያ ለምን አመነ?» አለችኝ። «እሱን ራሱን ጠይቂው» አልኳት። የእጅዎን ነገር አልነገርኳትም፤ እሱ የእርስዎ ነው። ግን ጋሼ፣ ልጅዎ ናት። ቁማርተኛ አባት አለኝ ብላ ከምታድር የእጅዎን ነገር ብታውቅ አይሻልም?

እርስዎ ይህን ያህል ከጻፉልኝ እኔም አንድ ነገር ልጻፍ። ከሴቶቹ ጋር አብረን እንስቃለን ያልኩዎት ልክ አይደለም። እንደመጣሁ ሰሞን በቋንቋቸው «አንሶላ አቀብይኝ» ልል ብዬ ቃሉን አጣምሜ የማይሆን ነገር ተናገርኩ፤ ነውር ነገር። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በማግስቱ ምሳዬን ይዤ አንሶላ መጋዘን ገባሁና በሩን ዘጋሁ። እስካሁን የምበላው እዚያ ነው። እትዬ ዝምታን ካርታ ስትደረድር ያገኘኋትም እዚያው ነበር። እሷ ከሄደች ወዲህ የታጠፈ አንሶላ ላይ ብቻዬን እደረድራለሁ። የሥራው ኃላፊ አንድ ቀን በሩን ከፍቶ አየኝና «ይቅርታ» ብሎ መለሰው፤ ሰው ዕርቃኑን ያገኘ ነው የመሰለው። ለእናንተ የምጽፈው ሁሌ ደህና ነኝ ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?

እግዜር ብርታቱን ይስጥዎ።
ልጅዎ ሚጢ


ሐምሌ 6 ቀን

ይድረስ ለሚጢዬ፣

እንደምን ነሽ ልጄ? ጽሑፉ ዛሬ ካማረብሽ እኔ ስላልጻፍኩት ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እህትሽ ትጽፋለች። ስለ እሷ የምለውንም ሳትቆርጥ እንድትጽፍ ተስማምተናል።

ከስልክሽ በኋላ ቀናት አለፉ፤ እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልተናገርኩ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ግን አላስቻለኝም። ሱቁ ባዶ የሆነበትን ሰዓት ጠብቄ ጠራኋት። መጋረጃውን ገልጣ ገባችና «ቁማር ካልነበረ ለምን አመንክ?» አለችኝ። እጄን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። በር እንደሚያንኳኳ ሰው ጠረጴዛውን ይመታል።

አየችው። «እሱንማ አውቃለሁ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮ። ያን እሁድ በውዝ ሲሉህ ግን ትዝ አላለኝም። ደንበኞቹም ያውቃሉ አባዬ። ጢማችንን ተወው ይሉህ የነበረው ለምን ይመስልሃል?»

ሚጢ፣ እኔ ዘመኑ ነው እያልኩ ነበር። ወንዱ ሁሉ ጢም ማሳደግ ወደደ፣ ፋሽን መጣ እያልኩ ስተነትንላቸው ከርሜያለሁ። እነሱም «እውነትህን ነው» ይሉኝ ነበር። መምህሩ እንኳ ያንን የማያምርበትን ጢም አንጠልጥሎ የዞረው ለእኔ ብሎ ነው። ያን ሰውዬ የቆረጥኩት አዲስ ሆኖ ስለማያውቅ ነበር።

ደስ ይልሃል ብላ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። የደበቅኩ የመሰለኝን ሁሉም አይተውታል፤ ከዚያም አልፈው አዝነውልኛል። ቤት ገባሁና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። እህትሽ ምግብ ታስቀምጣለች፣ እንዳለ ታነሣለች። ሱቅ የሚባለውን በዓይኔ ማየት አስጠላኝ።

ያስነሣኝ መምህሩ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና «ያኮረፍከው አዘኑልኝ ብለህ ነው አሉ» አለኝ። ፊቴን ከግድግዳው አላዞርኩም። «ማን አዘነልህ? ፈርተንህ ነው። ለአንገታችን ብለን ነው» አለ። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ሳቄ ካመለጠ በኋላ ተመልሼ ማኩረፍ አቃተኝ። (እህትሽ እዚህ ላይ እየሳቀች መስመር አጣምማለች፤ እኔ አይደለሁም።)

አሁን የምቀመጠው ከመጋረጃው ወዲህ፣ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ነው። ሌላ ካርታ በጠራራ ፀሐይ ራሴ ገዛሁ፤ ሻጩ ቅንድቡን ቢያነሣም ከፍዬ ወጣሁ። እህትሽ ሥራ ሲቀዘቅዝ ትመጣና ትደረድርልኛለች። እኔ በአፌ እናገራለሁ፣ እሷ ታነሣለች። ጨዋታው ላይ ግን ችኩል ናት፤ መጫን የተቻለውን ሁሉ ሳታስብ ትጭናለች። ተራ የሚጠብቀውም ከኋላ ሆኖ «ሦስተኛውን እይ» ይላል። እስካሁን ሁለት ክምር ደርሰናል።

ትልቁን አጎትሽን በተመለከተ ነገሩ ሌላ ነው። ወንድሜን ከቁማር አወጣሁት ብሎ ለዘመድ ሁሉ አውርቷል። እውነቱን ብነግረው እሱ ሊያፍር ነው። ስለዚህ ለእሱ የተመለሰ ቁማርተኛ ሆኜ ቀርቻለሁ፤ ሲመጣ ካርታውን እንደብቃለን።

እፍረቱ አልቆ ሄደ ብዬ አልዋሽሽም። የማላውቀው ሰው በሩን ሲከፍት እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ይገባል። አንዳንድ ቀን አወጣዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን እዚያው ይውላል።

የመጋዘኑን ነገር እህትሽ ከደብዳቤሽ አንብባዋለች፤ አትቆጪኝ፣ እኔ ነኝ የሰጠኋት። እሷ የምትለው፣ ያ የተናገርሽው ቃል በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ካልጻፍሽላት መልስ አትጽፍልሽም። እኔ የምለው ደግሞ፣ አንድ ቀን ካርታውን ይዘሽ ውጪና እነሱ ባሉበት ደርድሪ። አንቺን ማናገር ቢከብዳቸው የተሳሳተ ካርታ ስታነሺ አይተው ዝም ማለት አይችሉም። ከዚህ አግዳሚ የተማርኩት ይህን ነው። ካልሆነልሽ ግን ወደ መጋዘንሽ ብትመለሺ አልፈርድብሽም።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ። እህትሽ ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል ብዕሩን ስጪኝ አልኳት። የእሷ ጽሑፍ እዚህ ያበቃል። የቀረችውን አንዲት ቃል እኔ እጽፋታለሁ፤ ጊዜ ይወስድብኛል፣ እሷም አጠገቤ ቆማ ታያለች።

አጎትሽ